በራስ ቆዳ ላይ የሚወጣ ብጉር፦ ምንነቱና ሕክምናው



ብጉር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ፊት ይሄዳል። ይሁንና በፀጉር ውስጥ፣ በግንባር ጠርዝና በማጅራት ላይ የሚወጣው ብጉር ከፊቱ ያላነሰ ሰው ያስቸግራል። ፀጉር ስለሚሸፍነው ሌላው አያየውም፤ ባለቤቱም ማበጠሪያ ሲነካው ወይም ሱጁድ ሲወርድ ግንባሩ ጠርዝ ላይ ሲያመው ካልሆነ በቀር ብዙም አያስበውም። በዚህ ምክንያት ወራት ያልፋሉ። ከእነዚህ እብጠቶች መካከል አብዛኛው ቀላል ነው። ጥቂቱ ግን ችላ ከተባለ የፀጉሩን ሥር አጥፍቶ፣ ፀጉር ዳግመኛ የማይበቅልበት ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። በመሆኑም የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዴት ይፈጠራል?

በራሳችን ላይ መቶ ሺህ ገደማ የፀጉር ሥሮች አሉ። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው በቆዳ ውስጥ ካለች ትንሽ ከረጢት ሲሆን፣ ከከረጢቷ ጎን ወዝ የምታመነጭ ዕጢ ተጣብቃለች። ወዙ በፀጉሩ በኩል ወደ ላይ እየወጣ ቆዳውንና ፀጉሩን ያለሰልሳል። ወዙ ሲበዛ፣ የሞተ ቆዳ ሲጠራቀም ወይም ከላይ የተቀባ ቅባት አፏን ሲደፍናት ከረጢቷ ትታፈናለች። በውስጧ ለወትሮው ያለ ጉዳት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና እርሾ መሰል ፈንገሶች በዚያን ጊዜ ይራባሉ፤ ሰውነትም ሊዋጋቸው ሲነሣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ብጉር የምንለው ይኸው ነው።

የራስ ቆዳ ከፊት ጋር ወዝ በብዛት ከሚመነጭባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ለዚህም ነው በጉርምስና ዕድሜ፣ ሆርሞን ወዙን በሚጨምርበት ጊዜ፣ ችግሩ የሚብሰው። ይህን ማለታችን ንጽሕና የጎደለው ሰው በሽታ ነው ለማለት አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ፣ በየሳምንቱ ለጁሙዓ የሚታጠብ ሰውም ይይዘዋል። ልጃቸውን «ራስህን ስለማትታጠብ ነው» እያሉ የሚቆጡ ወላጆች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

ብጉር የሚመስሉ ግን ብጉር ያልሆኑ

በራስ ላይ የወጣ እብጠት ሁሉ በአንድ መድኃኒት አይታከምም። በብዛት የሚያጋጥመው የፀጉር ከረጢት ቁጣ ነው። ትናንሽ፣ የሚያሳክኩ፣ ጫፋቸው ላይ ነጭ መግል ያላቸው፣ መሐላቸው ፀጉር የበቀለባቸው ፍንጣሪዎች ሆነው ይታያሉ። መንስዔው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፈንገስም ሊሆን ይችላል። ከፎረፎር ጋር አብሮ ሲመጣ ደግሞ ቆዳው ቢጫማ ቅርፊት እየለቀቀ በጣም ያሳክካል።

ሁለተኛው በማጅራት ላይ የሚወጣው ነው። በአብዛኛው ወንዶችን፣ በተለይም ፀጉራቸው ጥቅልል የሆነውን እኛን አፍሪካውያንን ያጠቃል። በመጀመሪያ የሚታየው ጥቂት ጠንካራ ፍንጣሪ ነው። ከወራት በኋላ ፍንጣሪዎቹ እየተያያዙ እንደ ገመድ የጠነከረ፣ አንዳንዴም የሚያሳክክ ጠባሳ ይሆናሉ። በሕክምናው ዓለም የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ ሞሪትዝ ካፖሲ የተባለው የቪየና የቆዳ ሐኪም በ1869 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ስሙ ውስጥ «ብጉር» የሚል ቃል ይግባበት እንጂ እውነተኛ ብጉር አይደለም። ከሥር የተላጨ ጥቅልል ፀጉር ሲያድግ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ የሸሚዝ ኮሌታም ይፈገፍገዋል፤ ቁጣውም አይበርድም። አንዴ ጠባሳው ከጠነከረ በሻምፖ አይለሰልስም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ፍንጣሪዎች ሲታዩ መላጨትን ማቆም ከብዙ ሕክምና ያድናል።

ሦስተኛው የልጆች ነው፤ እናቶች እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገው እንዲያነቡልን እንጠይቃለን። ቆረቆር ብለን የምንጠራው የራስ ፈንገስ ነው። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ይረግፋል ወይም ከሥሩ ይሰበራል፣ ቆዳው ቅርፊት ያወጣል፣ በማጅራት አካባቢ ንፍፊት ይዳሰሳል። በሀገራችን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮሌሲየም የሚባል ፈንገስ ሲሆን የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ቁርኣን ቤት የሚሄዱ ልጆች ኮፍያ ይቀያየራሉ፣ ወንድማማቾች በአንድ ትራስ ይተኛሉ፣ በሠፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ በአንድ ቶንዶስ ይላጫል፤ በሽታውም እንዲሁ ይዞራል።

አንዳንድ ጊዜ የልጁ ሰውነት ፈንገሱን በኃይል ሲዋጋ በራሱ ላይ እንደ ትልቅ እባጭ ያለ፣ ለስላሳ፣ መግል የሚያዥ እብጠት ይወጣል። ያየው ሁሉ «ይፈርጥ፣ ይከፈት» ይላል። በምላጭ መክፈት ግን ስሕተት ነው። የሚያድነው የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ በዘገየ ቁጥር ፀጉሩ በቦታው ለዘለዓለም ላይበቅል ይችላል።

ስለ ሂጃብ፣ ስለ ቅባትና ስለ ሹሩባ

«ሂጃብ ስለምትለብሺ ነው» የሚለውን አስተያየት ያልሰማች እኅት ጥቂት ናት። ጨርቁ በራሱ በሽታ አያመጣም። ብጉርን የሚያባብሰው እርጥበት፣ ሙቀትና ፍትጊያ ነው። ሦስቱም በሞተር ሳይክል ቆብም፣ በሠራተኛ ቆብም ሥር ይፈጠራሉ። ሂጃብ የምትለብስ እኅት ማስተካከል ያለባት ጥቂት ነገር ነው። ከትጥበት በኋላ ፀጉርን ሳያደርቁ መሸፈን ዋናው ነው፤ እርጥብ ፀጉር በናይሎን ሻሽ ተጨፍኖ ስድስት ሰዓት ሲቆይ ለፈንገስ የተመቸ ቦታ ይሆናል። ጊዜ ከሌለ ቢያንስ ሥሩን በፎጣ ጠበቅ አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ከሥር የሚታሰረው ሻሽ ጥጥ ቢሆንና በየቀኑ ቢቀየር ይመረጣል። ብዙዎቻችን የላይኛውን ሂጃብ እያጠብን፣ ላቡን ሁሉ የሚጠጣውን የውስጡን ሻሽ ለሳምንት እናስረዋለን። የመርፌው ቦታም በየጊዜው ይለወጥ፤ የግንባሩ ጠርዝም አይጥበቅ። ቤት ሲገቡ ፀጉርን ፈትቶ አየር ማስነካት አይርሱ።

ቅባት ላይ ደግሞ ልማዳችን ጠንካራ ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የወይራ ዘይት፣ የታሸገ የፀጉር ቅባት በሥር በሥሩ ማሸት ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ ለደረቅ ፀጉርም ይጠቅማል። ነገር ግን የቆዳ ሐኪሞች በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፀጉራቸውን አዘውትረው የሚቀቡ ጥቁር ሰዎች በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ የሚያወጡትን ብጉር «የፖሜድ ብጉር» ብለው ለይተው ገልጸውታል። ቅባቱ የከረጢቷን አፍ ስለሚደፍን ነው። በዚያ ላይ ፎረፎር የሚያባብሰው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ፎረፎርን «ደርቆ ነው» ብለው ዘይት የሚጨምሩለት ሰዎች ጠላታቸውን እየቀለቡ መሆናቸውን አያውቁም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅባቱን ለፀጉሩ ርዝመትና ጫፍ ይስጡት፣ ለቆዳው አይስጡት። ብጉሩ እስኪድን ደግሞ ጨርሶ ይተዉት።

ሹሩባ በጣም ሲጠብቅ የፀጉሩ ሥር ይጎተታል፤ በጠርዙ በኩል ትናንሽ የሚያሙ ፍንጣሪዎች ይወጣሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። መጎተቱ ከቀጠለ ግንባር ላይ ያለው ፀጉር ይመለጣል። «ሲያምሽ ነው የሚያምርብሽ» የሚሉ ሠራተኞችን አይስሟቸው፤ የሚያም ሹሩባ ወዲያውኑ ይላላ። ለጀናባ ትጥበት ውሃው ሥሩን እስከደረሰው ድረስ ሴት ሹሩባዋን መፍታት ግዴታ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ሳይፈታ ወር ይቆይ ማለት አይደለም። ብጉር ያለባት እኅት በየሁለት ሳምንቱ ፈትታ በሻምፖ ብትታጠብ ይሻላታል።

ፀጉር አስተካካይ ቤትና የሐጅ መላጨት

ማጅራቱ ላይ ፍንጣሪ የሚወጣበት ወንድ ቶንዶሱ ቆዳውን እንዳይነካ፣ ፀጉሩ ቢያንስ ጥቂት ሚሊሜትር እንዲቀር መጠየቅ አለበት። ጠርዝ በምላጭ ማስወጣት ለእርሱ አልተፈቀደም ብለን ብንደመድም አላጋነንም። ቶንዶሱ በአልኮል መጠረጉን ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። ከተቻለ የራስን ቶንዶስ ገዝቶ መያዝ ለጠቅላላው ቤተሰብ ይጠቅማል። በምላጭ ጉዳይ ግን ድርድር የለም፤ በደም የሚተላለፉ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በሽታዎች ስላሉ ዓይንዎ እያየ ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ምላጭ ይሁን።

ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ ወንድሞችም ይህን አስቀድመው ያስቡበት። መላጨት በላጭ ቢሆንም ማሳጠርም የተፈቀደ ነው። መላጨት ማጅራቱን የሚያቆስለው ሰው ሐኪሙንና የጉዞውን ዓሊም ጠይቆ ማሳጠርን መምረጥ ይችላል። በኢሕራም ላይ ሳሉ ራሳቸውን ለሚያማቸው ሰዎችም በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 196 ፊድያ እየሰጡ መላጨት መፈቀዱ የሚታወቅ ነው፤ ዝርዝሩን ለዓሊሞች እንተወዋለን።

ምግብስ?

ይህ ዓምድ የምግብም ስለሆነ ጥያቄው አይቀርም። በፊት ብጉር ላይ በተደረጉ ጥናቶች ስኳርና ነጭ ዱቄት የበዛበት ምግብ ብጉርን እንደሚያባብስ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ፤ ወተትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግንኙነት ታይቶበታል። በራስ ቆዳ ላይ ያለው ማስረጃ ከዚህ ያነሰ ነው። ሳምቡሳው ዘይት ስላለው ብጉር አወጣብኝ የሚለው አባባል ግን ብዙም መሠረት የለውም። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ የሚደረደረው ጣፋጭና በስኳር የተሞላ ጭማቂ ይልቅ ሊቀነስ ይገባል። ሰውነት ለመገንባት ስፖርት ቤት የሚሄዱ ወጣቶች የሚጠጡት ከወተት የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄትም በአንዳንዶች ላይ ብጉር ያባብሳል።

ሕክምናው

ቀላል ፍንጣሪ በአብዛኛው ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ሻምፖ ይታከማል። ፎረፎርና ማሳከክ ካለ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበት ሻምፖ ይመረጣል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቀብተው ወዲያው ያጥቡትና «አልሠራልኝም» ይላሉ። ሻምፖው በቆዳው ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። የሞተ ቆዳና ወዝ ለበዛበት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ሻምፖ ይረዳል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት መታጠቢያ ባክቴሪያን በደንብ ይገድላል፤ ነገር ግን ጨርቅ ያነጣል። በሚገባ ሳይታጠብ ጥቁር ሂጃብ ያደረገች እኅት ሂጃቧ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብታገኝ አትደንግጥ፤ ፎጣና የትራስ ልብስም ነጭ ይሁን።

በዚህ ያልዳነ ወይም መግል የበዛበት ብጉር ሐኪም ይፈልጋል። ሐኪሙ ክሊንዳማይሲን የሚባል የሚቀባ ፈሳሽ ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ እንክብል ሊያዝ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ ቆዳንም ለፀሐይ ያስቆጣል። ለጾመኞች አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር፤ ይህ እንክብል በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ከቆመ ያቆስላል። በሱሑር ሰዓት በጥቂት ውሃ ውጦ ወዲያው መተኛት የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘለት ሰው ከኢፍጣር በኋላ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቢወስደው ይሻላል። ሁለት ጊዜ ከሆነም ከሱሑሩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደም ይቆይ፤ ፈጅር እስኪሰገድ መጠበቅ ይበቃል።

ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ከሁሉም ጥንቃቄ ይሻል። በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ያገባች ሴት ያለ ሐኪም ክትትልና ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። በማጅራት ላይ ለጠነከረ ጠባሳ ሐኪሞች በእብጠቱ ውስጥ ስቴሮይድ ይወጋሉ፤ ትልቅ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ይነሣል።

የልጆች ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ቅባቱ እስከ ፀጉሩ ሥር አይደርስምና። ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን የሚባሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች ያስፈልጋሉ። ግሪሲዮፉልቪን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ የዳነ ስለሚመስል ብዙ ቤተሰብ ያቋርጣል፤ በሽታውም ይመለሳል። ወንድሞቹና እኅቶቹ ይመርመሩ፣ ማበጠሪያና ኮፍያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ልጁን ከትምህርት ቤትም ሆነ ከቁርኣን ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ ስለሚደረጉ ነገሮች

በጅግጅጋና በድሬዳዋ እናቶች ፀጉር የሚያጥቡበት ቀሲል አረፋ ያወጣል፤ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ጥቁር አዝሙድ ዘይት በላቦራቶሪ ባክቴሪያን የመግታት ጠባይ ታይቶበታል፤ ነገር ግን ዘይት ነው፣ አንዳንዱንም ሰው ቆዳውን ያስቆጣል፤ በቆሰለ ቦታ ላይ አይፍሰስ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ራስ ላይ ማሰር እንደ እሳት ያቃጥላል። ጋዝና ነዳጅ መቀባት ደግሞ መርዝ ነው፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። ንጹሕ ሂና አይከለከልም። ቶሎ እንዲያጠቁር ተብሎ ኬሚካል የተቀላቀለበት «ጥቁር ሂና» ግን ፒፒዲ የሚባል ነገር ስላለው ቆዳን አቁስሎ ፊት እስኪያብጥ ያደርሳል፤ ብዙ የታሸጉ የፀጉር ቀለሞችም ይኸው አለባቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ የስቴሮይድ ቅባቶች ናቸው። ማሳከኩን በሁለት ቀን ስለሚያስቆሙ ሰው ይወዳቸዋል። ከሥር ያለው ፈንገስ ግን ተደብቆ ይስፋፋል፤ ብጉሩም ቅባቱ ሲቆም ብሶ ይመጣል።

ሐኪም ቤት መቼና የት?

ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ከወረደ፣ ፀጉር በክብ ከረገፈ፣ ወይም አራት ሳምንት ታክመው ካልተሻልዎት አይጠብቁ። እባጭ እየተመላለሰ የሚወጣበት ሰው የደም ስኳሩን ይለካ፤ በራስ ላይ የሚወጣ እባጭ ያልታወቀ የስኳር በሽታን የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ለወራት ያልዳነ፣ የሚደማ ነጠላ እብጠት ካላቸው ብጉር ነው ብለው አይተዉት።

በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ የቆዳ ሕመምተኛን ሁሉ ያያል። ለወሎ አካባቢ ደግሞ ደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው ይታወቃል። ሲሄዱ ራስዎን አይላጩ፣ በዚያ ቀንም ምንም አይቀቡ፤ ሐኪሙ እብጠቱን እንዳለ ማየትና የፀጉር ናሙና መውሰድ ይፈልግ ይሆናል። እስከዚያ ቀን የተጠቀሙበትን ሻምፖ፣ ቅባትና እንክብል ሁሉ፣ ስሙን የማያውቁትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።